መስተዋትም እንደ ዓይን እንባ ይሻል

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ መተማ የወረደ፣ ወይም በሳንጃ በኩል ወደ አብርሃ ጅራ የተጓዘ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በደጋው ጥርት ብሎ የነበረው የመኪናው የፊት መስተዋት፣ ቆላው ከተጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ይሄዳል። በመጀመሪያ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ያርፍበታል፤ ቀጥሎም ትንኙና የእሳት እራቱ እየተጋጨ ይለጠፍበታል፤ ፀሐይዋም ይህን ሁሉ እንደ ምጣድ ታደርቀዋለች። ሾፌሩ መንገዱን ለማየት ሲቸገር ከመቀመጫው ሥር አንዲት ደረቅ ጨርቅ ያወጣና መስተዋቱን ወዲያና ወዲህ ይፈትገዋል። «አሁን ይታያል» ይልና ጉዞውን ይቀጥላል።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ዛሬ ልናጫውታችሁ ያሰብነው ስለዚህች ደረቅ ጨርቅ ነው። መስተዋቱን የምታጠራው ትመስላለች፤ ነገር ግን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የምታሳውረው እርሷ ናት። መኪና ያላችሁም ሆነ በሰው መኪና የምትሳፈሩ፣ ጉዳዩ የሁላችሁም ነውና እስከ መጨረሻው ድረስ በትዕግሥት አንብቡት።

ጉዳዩ የመልክ ጉዳይ አይደለም

የመኪና መስተዋት ንጽሕና ሲነሣ ብዙ ሰው የሚመስለው ነገሩ የጌጥ ነው። «ከተማ ስንገባ ይታጠባል» ይባላል። እስቲ አብረን እናስላ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ለሦስት ሰኮንድ ብቻ ፊቱን ሳያይ ቢቀር፣ መኪናው 50 ሜትር ያህል መንገድ በጨለማ ሄዷል ማለት ነው። ፍሬኑን ረግጦ እስኪያቆም ድረስ ያለው ርቀት ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል።

ታዲያ በዚያ 50 ሜትር ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል? የቆላው መንገድ የመኪና ብቻ አይደለም። በአረምና በአጨዳ ወራት ለቀን ሥራ የሚመጡት ሳሉጎች መሣሪያቸውንና ስንቃቸውን ይዘው በመንገዱ ዳር ዳር በቡድን ይሄዳሉ። ከብቱ ወደ ውሃ ይነዳል፤ አህያው ጄሪካን ተጭኖ ይመለሳል፤ ትራክተሩ የኋላ መብራት የሌለውን ተሳቢ እየጎተተ ከእርሻ ወደ ከተማ ይገባል። ልጆችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ ላይ የሚደርሰው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ፍጥነት ነው» ወይም «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ተብሎ ነው። ይሁን እንጂ ሾፌር ያላየውን ነገር በጥሩ ፍሬንም ቢሆን ሊያቆምለት አይችልም።

ዋልካው ሁለት መልክ አለው

የመተማና የምዕራብ አርማጭሆ ቆላ በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ የታወቀ አገር ነው። ይህን ሰብል የሚያበቅለው ጥቁሩ መሬት በአካባቢው ዋልካ ይባላል። ዋልካ ገበሬውን የሚመግበውን ያህል ሾፌሩን ያስቸግራል፤ ምክንያቱም በዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያል።

በበጋ ውሃው ሲጠፋበት ይጨማደዳል፤ መሬቱም እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ጎማ የተመላለሰበት ቦታ እየደቀቀ ይልማል፤ አንድ ካሚዮን ሲያልፍበትም አቧራው እንደ ጭስ ተነሥቶ ለረጅም ጊዜ ሳይወርድ በአየር ላይ ይቆያል። ዝናብ ሲመጣ ግን ያው መሬት ውሃውን መጥጦ ያብጣል፤ ጫማን ይዞ የማይለቅ፣ ጎማን ጠምጥሞ የሚያስር ሙጫ ይሆናል። ምሥጢሩ በውስጡ ያለው የሸክላ ዓይነት ነው። ይህ ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረቡ እጅግ ቀጫጭን ንጣፎች አሉት፤ ውሃው በየንጣፉ መካከል ሲገባ እየተገፋፋ ያብጣል፤ ውሃው ሲወጣ ይኰማተራል።

መስተዋቱም እንግዲህ ሁለት ጠላት አለው ማለት ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ከሁለቱም የሚከፋው ግን ሁለቱ የሚገናኙበት ሰዓት ነው። ለወራት አቧራ ሲጠጣ የኖረ መስተዋት ላይ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት የዝናብ ጠብታዎች ሲወድቁ ሾፌሩ ወዲያው መጥረጊያውን ያስነሣል። ጠብታዎቹ አቧራውን ለማጠብ አይበቁም፤ ለማቡካት ግን ይበቃሉ። በአንድ ምልስ መስተዋቱ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ይለቀለቃል። ቅድም የቈጠርናቸው ሦስት ሰኮንዶች እነዚህ ናቸው።

ደረቅ ጨርቅ ምን ያደርጋል?

ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪክ ሞስ ማዕድኖችን እንደ ጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 10 የሚመድብ መለኪያ አውጥቶ ነበር። እስከ ዛሬም ይሠራበታል። በዚህ መለኪያ ከሁሉ የሚለሰልሰው 1፣ አልማዝ ደግሞ 10 ነው። ደንቡም ቀላል ነው፤ ከፍ ያለ ቍጥር ያለው ዝቅ ያለውን ይቧጭራል። የመስኮትና የመኪና መስተዋት 5 ከግማሽ ገደማ ላይ ይውላል። በአቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ የተባለው የአሸዋ ቅንጣት ግን 7 ነው።

የመንገድ አቧራ ሸክላ ብቻ አይደለም፤ ለዓይን የማይታይ ደቃቅ አሸዋም አለበት። ደረቁ ጨርቅ ይህን ቅንጣት ይዞ በመስተዋቱ ላይ ሲፈተግ የሚሠራው የወረንጦ ሥራ ሳይሆን የሞረድ ሥራ ነው። ደረቅ መስተዋት ላይ የሚነሣ መጥረጊያም ልክ እንደዚሁ ነው። አንድ ቀን የተቧጨረው አይታወቅም። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን የመጥረጊያውን መንገድ ተከትሎ የቀስት ቅርጽ ያለው ጭረት መስተዋቱ ላይ ተሥሎ ይገኛል።

ይህ ጭረት ቀን በጥላ አያስቸግርም። ክፋቱ የሚገለጠው ብርሃን ከፊት ሲመጣ ነው። እያንዳንዷ ጭረት ብርሃኑን ትሰብርና ወደ ሾፌሩ ዓይን ትበትነዋለች። እዚህ ላይ የአገራችንን አቀማመጥ ልብ በሉ። መተማ ከጎንደር ወደ ምዕራብ ነው፤ ጠዋት ጕዳዩን በጎንደር ጨርሶ ከሰዓት በኋላ ወደ ቆላው የሚወርድ ሾፌር፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ድረስ የምትጠልቀውን ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ይዞ ይሄዳል። በማግሥቱ ማልዶ ሲመለስ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነውና የምትወጣዋ ፀሐይ ትቀበለዋለች። በሄደም በመጣም ብርሃኑ በፊቱ ነው። ሌሊትም ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት በተቧጨረ መስተዋት ላይ እንደ ኮከብ ተበትኖ መንገዱን ሁሉ ይሸፍናል። ጥሩ መስተዋት ያለው ሰው በጥንቃቄ የሚያልፈውን ቦታ፣ የተቧጨረ መስተዋት ያለው በግምት ያልፈዋል።

ዓይን ራሱን እንዴት ያጥባል?

ለመሆኑ ከዚህ የሚሻል አጠራረግ ከወዴት እንማር? ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ መምህሩ ከፊታችን ላይ ነው። ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ይጨፍናል፤ ይከፍታል። የዓይን ቆብ መጥረጊያ መሆኑ ነው። ነገር ግን የዓይን ቆብ በደረቁ ጠርጎ አያውቅም። ሁልጊዜ በእንባ ላይ ይንሸራተታል። አቧራ በገባ ጊዜ ደግሞ ዓይን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው እንባውን ማብዛት ነው፤ መጀመሪያ ያጥባል፣ ኋላ ይጠርጋል። ዓይናችንን በእጃችን ብናሽ ግን እንደሚቈስል እናታችን ከልጅነታችን ጀምራ ነግራናለች።

ከዚህ ከዓይን ቆብ ትምህርት የወሰደ አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። ስሙ ሮበርት ከርንስ ይባላል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1953 በሠርጉ ሌሊት የሻምፓኝ ቡሽ ተፈናጥሮ አንድ ዓይኑን ጐዳው። ከዚያ በኋላ በካፊያ ሲነዳ ያለ ማቋረጥ የሚመላለሰው መጥረጊያ ዓይኑን ስላስቸገረው፣ መጥረጊያውም እንደ ዓይን ቆብ አንዴ ጠርጎ ጥቂት ቢያርፍ ምን ነበር ብሎ አሰበ። እያረፈ የሚጠርገውን መሣሪያ ሠርቶ በ1967 የፈጠራ መብት ወረቀት ተሰጠው። ትልልቆቹ የመኪና ኩባንያዎች ሳይከፍሉት ስለ ተጠቀሙበት ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ተከራከረ፤ በ1990ም ፎርድ ኩባንያ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፈለው። ዛሬ በአብዛኛው መኪና ላይ የምናየው እያረፈ የሚሠራ መጥረጊያ ከዚህ ሐሳብ የመጣ ነው።

ከባሕር የመጣ ትምህርት

በዚህ ጕዳይ ከሾፌር ሁሉ በላይ የተፈተኑት መርከበኞች ናቸው። ማዕበሉ እየተመታ የሚረጨው የባሕር ውሃ በመርከቡ መስተዋት ላይ ሲያርፍ ውሃው በፀሐይና በነፋስ ይደርቃል፤ ጨው ግን ይቀራል። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ይህ ጨው በመስተዋቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። በደረቁ ቢጠርጉት ይቀባል እንጂ አይለቅም፤ ሌሊት ደግሞ የአየሩን እርጥበት ስቦ እንደ ገና ይዥጐረጐራል።

ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የራሷን የንግድ መርከብ ድርጅት ካቋቋመች ወዲህ ብዙ የአገራችን ልጆች ይህን ፈተና በባሕር ላይ ቀምሰውታል። በባሕር ላይ የጸናው ደንብ አንድ ነው፤ ጨው የሚለቀው በንጹሕ ውሃ ሟሙቶ ነው። ስለዚህ የብዙ ጀልባና መርከብ መስተዋት ከመጥረጊያው ጋር የንጹሕ ውሃ መርጫ ይገጠምለታል፤ መጀመሪያ ይረጫል፣ ቀጥሎ ይጠረጋል። በትልልቅ መርከቦች ላይ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። በመስኮቱ መካከል አንድ ክብ መስተዋት ይገጠምና በኤሌክትሪክ ሞተር በኀይል ይሽከረከራል፤ ያረፈበትን ውሃ ሁሉ ወደ ዳር እየወረወረ ለመርከቡ መሪ የጠራ መስኮት ይተውለታል። እንዲህ ሲሆን መስተዋቱን የሚነካው ጎማም ጨርቅም የለም።

ወደ አገራችን ብንመለስ፣ ከጎንደር በስተ ደቡብ በጎርጎራ ወይም በባሕር ዳር በሞተር ጀልባ በጣና ላይ የሄደ ሰው ልዩነቱን ሊያስተውል ይችላል። የጣና ውሃ ጨው አልባ ነው። ስለዚህ የሚረጨው ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ጥቂት ነጠብጣብ ነው እንጂ ቅርፊት አይደለም። የጣና ጀልባ ነጂ ዕድለኛ ነው። የአብርሃ ጅራ ሾፌር ግን ከባሕር እጅግ ርቆ ሳለ ኑሮው የመርከበኛውን ይመስላል። ለእርሱ ጨዉ ዋልካው ነው፤ ማዕበሉም ከፊቱ የሚሄደው ካሚዮን ነው።

መጥረጊያን ያሰበች ሴት

መጥረጊያው ራሱ ከየት እንደ መጣ ብንናገር ደስ የሚላችሁ ይመስለናል። ሜሪ አንደርሰን የተባለች የአላባማ ሴት በኒውዮርክ ከተማ በትራም ስትሄድ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መስተዋቱን ስለ ሸፈነው ሾፌሩ መንገዱን ለማየት መስኮቱን ከፍቶ በብርድ ሲሠቃይ አየች። እርሷም ከውስጥ ሆኖ በእጅ የሚንቀሳቀስ፣ ጫፉ ጎማ የሆነ ክንድ ነደፈች፤ በኅዳር 1903 በፈረንጆች አቈጣጠር የፈጠራ መብት ወረቀት አገኘች። ወረቀቱን ለአንድ የካናዳ ኩባንያ ልትሸጥ ብትጠይቅ ግን «ለንግድ የሚረባ ነገር አይደለም» የሚል መልስ ተሰጣት። መኪና በበዛ ጊዜ የመብቷ ዘመን አልፎ ስለ ነበር ከፈጠራዋ ምንም ገንዘብ አላገኘችም።

እዚህ ላይ የምናተርፈው አንድ ቁም ነገር አለ። ሜሪ አንደርሰን መጥረጊያውን ያሰበችው ለዝናብና ለበረዶ ነው፤ ለእርጥብ ነገር ማለት ነው። ቋንቋችንም እውነቱን ይናገራል፤ «ዝናብ መጥረጊያ» እንለዋለን እንጂ «አቧራ መጥረጊያ» አንለውም። አቧራ ያስጠረግነው እኛ ነን።

አንድ ሊትር ውሃ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሾፌሮች ደረቅ ጨርቅ የሚያነሡት ስንፍና ይዟቸው አይደለም፤ ውሃ ስለሚሳሱ ነው። በቆላ በበጋ ውሃ ውድ ነው። ሴቲቱ ከሩቅ የምታመጣውን ጄሪካን ለመኪና መስተዋት ማፍሰስ ለብዙ ሰው ነውር ይመስላል። ስለዚህ መጠኑን በትክክል እንወቀው። አንድ መስተዋት በሥርዓት ለማጠብ አንድ ሊትር፣ ለካሚዮን ሁለት ሊትር ይበቃል። ከ20 ሊትሩ ጄሪካን ውስጥ ከ20 እጅ አንዱ ወይም ሁለቱ መሆኑ ነው። የሰው ሕይወት ከዚህ በላይ ያወጣል።

ሥራውም እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ፣ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ አራት አምስት ቦታ ብሱት። ውሃ ሞልታችሁ ስትጨምቁት እንደ መርጫ ይሆናል። ከላይኛው የመስተዋት ጠርዝ ጀምራችሁ ከዳር እስከ ዳር እየረጫችሁ አቧራው በራሱ እንዲወርድ አድርጉ። በዚህ ጊዜ መስተዋቱን በምንም ነገር አትንኩት። ከአቧራው የሚበዛው፣ አሸዋውም ጭምር፣ በዚህ ብቻ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ትንኝና የደረቀ ጭቃ ካለ በቢላ ወይም በጥፍር አትፋቁት። አንድ ጨርቅ አርሳችሁ በቦታው ላይ ለጥፉና ጥቂት ደቂቃ ታገሡት። ከለሰለሰ በኋላ በቀላሉ ይነሣል።

ሦስተኛ፣ በቀረው ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ በለስላሳ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች እጠቡ። ለዚህ ከአሮጌ ነጠላ የሚሻል ጨርቅ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ለስላሳ ነው። ጨርቁን ደጋግማችሁ አለቅልቁት። መሬት የወደቀ ጨርቅ ከሆነ ሳይታጠብ ወደ መስተዋቱ አይመለስ። ያልሟሟ የዱቄት ሳሙናም ይቧጭራልና አትጠቀሙበት።

አራተኛ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና በሌላ ደረቅ ንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ደረቅ ጨርቅ ቦታው እዚህ ነው፤ አሸዋው ከሄደ በኋላ።

አምስተኛ፣ የመጥረጊያውን ጎማ ራሱን አትርሱ። ክንዱን ከመስተዋቱ ላይ አንሥታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጫፉን ከላይ እስከ ታች ጥረጉት። ጨርቁ ላይ የሚወጣውን አሸዋ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። መስተዋቱን ሲቧጭር የኖረው እርሱ ነው።

ስለ ውሃው ዓይነትም አንድ ቃል እንጨምር። በክረምት የጓንግና የአንገረብ ውሃ ጭቃ ያዘለ ነው፤ እንዲህ ያለውን ውሃ አሳድራችሁ ካዘቀጠ በኋላ ከላይ ያለውን በጨርቅ አጥልሉት። የአንዳንድ ጕድጓድ ውሃ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ባሕር ጨው ነጭ ምልክት ይተዋል። ይህን ምልክት ሎሚ ወይም አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ ብታሹት ይለቃል፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው።

አንዳንድ ሰዎች መስተዋቱን በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይወለውላሉ። ለጊዜው ያብረቀርቃል። ነገር ግን የሚቀረው ቅባት አቧራውን እንደ ሙጫ ይስባል፤ ዝናብ ሲነካውም ይዥጐረጐራል፤ የመጥረጊያውንም ጎማ ያበላሻል። ጥሬ ድንች ቈርጦ ማሸት በብዙ አገር የታወቀ የድሮ ብልሃት ነው፤ የዝናቡ ውሃ እንዳይንጠባጠብ ለጥቂት ጊዜ ይረዳል፤ የሚሠራው ግን በታጠበ መስተዋት ላይ ብቻ ነው።

በቀትር ቆሞ የጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ አትድፉ። ከጠጠር የተነሣ ትንሽ ስንጥቅ ካለበት በድንገተኛው ቅዝቃዜ እየሮጠ ሊሰፋ ይችላል። ማለዳ እጠቡት፤ ካልሆነም መኪናው በጥላ ጥቂት ይረፍ።

ክረምት ሳይገባ

በቆላው ከጥቅምት በኋላ ለብዙ ወራት ዝናብ አይጥልም። በእነዚያ ወራት ማንም ሰው መጥረጊያውን አያስታውሰውም። ጎማው ግን ሙቀቱ 40 ዲግሪን በሚያልፍበት በሚያዝያ ፀሐይ ከጋለ መስተዋት ጋር ተጣብቆ ይውላል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ከዚያ በሰኔ ዝናቡ በድንገት ሲወርድ ሾፌሩ ማብሪያውን ይጫናል። ያልተጠበቀ ነገር የሚመጣው ይኼን ጊዜ ነው፤ ወይ ጎማው ተቦጭቆ ብረቱ መስተዋቱን ይፍቃል፤ ወይ ሞተሩ አይነሣም፤ ወይ የውሃ መርጫው በጭቃ ተደፍኗል።

ስለዚህ ግንቦት ሳይወጣ አንድ ቀን ለዚህ ስጡ። ጎማውን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ጫፉ ቀጥ ያለና የሚተጣጠፍ ካልሆነ ለውጡት። የጎማ ዋጋ ከመስተዋት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የውሃ መያዣውን ክፈቱና ባዶ ከሆነ አጥባችሁ ሙሉት፤ ብዙ መኪና ላይ ይህ ዕቃ ከተገዛ ወዲህ ውሃ አይቶ አያውቅም። የተደፈነውን የመርጫ ቀዳዳ በቀጭን መርፌ ክፈቱ። መጥረጊያው እየተንጫጫ ወይም እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ፣ አንድም መስተዋቱ ቅባት አለበት፣ አለዚያም ጎማው ደርቋል ማለት ነው።

በበጋም መኪናውን ስታቆሙ መጥረጊያውን ከመስተዋቱ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ብታቆሙት፣ ወይም በጨርቅ ብታለብሱት ዕድሜው ይረዝማል። ከተቻለ ደግሞ ዛፍ ሥር አቁሙ፤ እናንተም አብራችሁ ታርፋላችሁ።

የመጀመሪያው ዝናብ በመንገድ ላይ ከያዛችሁ መጥረጊያውን ለማስነሣት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ቀጥሎ መርጫውን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ መስተዋቱ ከራሰ በኋላ መጥረጊያውን ልቀቁት። መርጫ ከሌላችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙና በሃይላንዱ እጠቡት። አምስት ደቂቃ ያስጠፋል። ዝናቡም ቢሆን ጠንክሮ ከጣለ በኋላ ራሱ ያጥብላችኋል።

ከውስጥ በኩልና ስለ ቀሩት

መስተዋት ሁለት ፊት አለው። ከውጭ ያለው ሲታጠብ የውስጡ ይረሳል። በጋቢና ውስጥ ያለው ላስቲክና ፕላስቲክ በሙቀት ሲግል የሚያወጣው ትነት፣ የሲጋራ ጭስና የአቧራው ደቃቅ ተደምረው በውስጠኛው ፊት ላይ ቀጭን ቅባት ያነጥፋሉ። ቀን አይታይም፤ ማታ ግን የሚመጣውን መብራት ያደፈርሳል። ይህን ጥቂት ሳሙና ባለው እርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ በተጨማደደ የጋዜጣ ወረቀት ብታደርቁት ጥርት ይላል። በክረምት በአይከል በኩል ጉም ሲገጥማችሁና መስተዋቱ ከውስጥ ሲተን በመዳፍ አትጥረጉት፤ መዳፍ ቅባት ይተዋል። መስኮቱን ጥቂት ክፈቱ፤ የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ መስተዋቱ ልቀቁ።

ጋቢና የሌለው ትራክተር የሚነዳ ሰው መስተዋቱ መነጽሩ ነው። ሞተር ብስክሌት የሚነዳውም የራስ ቍሩ ፊት ነው። እነዚህ የሚሠሩት ከፕላስቲክ ስለሆነ ከመስተዋት ይልቅ በቶሎ ይቧጨራሉ። በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ይቅር፤ ውሃ ይቅደም። መነጽር የሌለው የትራክተር ነጂ ካለ ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ መነጽር ይግዛ፤ የሚቧጨረው የገዛ ዓይኑ ነውና።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ደግሞ ገንዘብም ውሃም አይጠይቅም። ይኸውም በሌላ መኪና አቧራ ውስጥ አለመግባት ነው። ከፊት ያለውን ካሚዮን ተጠግቶ የሚሄድ ሰው መስተዋቱን ያቈሽሻል፤ የሞተሩን አየር ማጣሪያ ይደፍናል፤ ከጎማ የሚወረወረውን ጠጠር ይቀበላል፤ ሊቀድም ቢሞክርም ከፊት የሚመጣውን አያይም። መንገዱ እስኪታያችሁ ድረስ ወደ ኋላ ቅሩ። ነፋሱ አቧራውን ወደ ጎን ይወስደዋል።

ለተሳፋሪው አንድ ቃል

ይህን ስታነቡ «እኔ መኪና የለኝ» ያላችሁ ትኖሩ ይሆናል። እናንተም የምታደርጉት አለ። ከመናኸሪያ ስትሳፈሩ የሚነዳችሁ ሰው በምን መስተዋት ውስጥ አይቶ እንደሚነዳችሁ ተመልከቱ። ጨለም ብሎ ከሆነ በትሕትና «ወንድሜ፣ ይህን መስተዋት ብናጥበው?» በሉት። ረዳቱም ቢሆን ሥራው ጭነት ማሰርና ሒሳብ መሰብሰብ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሊትር ውሃ በጋቢናው ውስጥ እንዳይጠፋ መጠበቅ የእርሱ ድርሻ ቢሆን ለጌታውም ለራሱም ይጠቅማል። በሾፌሩ ቅር የሚሰኝ ተሳፋሪ አይኑር፤ አምስት ደቂቃ መዘግየት ከማይደርሱበት መቸኰል ይሻላል።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኛም ዛሬ ለአብርሃ ጅራና ለመተማ መንገደኞች ይህንኑ አባባል ጥቂት ለውጠን እንሰናበታለን፤ ከመጥረግ ማጠብ ይቅደም። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።